ከሚዛኑ በፊት

ማሽኑ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ተናገረ፤ እንዲያውም አብሶ። ዚንክ፣ የተትረፈረፈ። መዳብ፣ ከልክ ያለፈ።

ጠብታ ወንበሯን በእግሯ ገፍታ ተነሣች። ጠብታ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። አንዲት ጠብታ አሲድ ከመስመሩ ካለፈች ብልቃጡን ሙሉ ደፍታ ከሀ የምትጀምር ሴት ስለሆነች፣ የአፈር ምርመራው ቤት ሰዎች የለጠፉባት ነው። ፊት ለፊቷም ይጠሯታል፤ እሷም አቤት ትላለች። በልቧ ትኮራበታለች፣ ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ዛሬ የሚያኮራ ነገር አልነበረም። ማሽኑ የለካው አፈር የታላቅ ወንድሟ የብርቱካን ማሳ አፈር ነው፤ እሷ እየወደቀች እየተነሣች ያደገችበት። ቅዳሜ ወደዚያ ማሳ ትራክተር ይመጣል፣ ለማረስ ሳይሆን ብርቱካኖቹን ከነሥራቸው ለመንቀል። እንዲነቀሉ ያስፈረደባቸው ደግሞ ከዚሁ ክፍል የወጣ፣ እሷ ራሷ የፈረመችበት የውጤት ወረቀት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቅጠል ነው። አዳዲሶቹ ቅጠሎች ጠበውና አንሰው፣ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተጨናንቀው ይወጡ ጀመር። ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ ይቀርና በጅማቶቹ መካከል ያለው ይገረጣል። ይህን ያየ አትክልት አልሚ ሁሉ "ዚንክ አጥሮት ነው" ይላል፤ ወንድሟም ብሎ ነበር። ዚንክ ዛፉ የሚፈልገው ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው፤ ያቺው ከጠፋች ግን ሌላው ሁሉ ቢሞላ ዋጋ የለውም። መድኃኒቱም ቀላል ነው፣ ዚንክ በውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት። ነገር ግን ወንድሟ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የጎዳውም ይኸው ጥንቃቄው ነው። "እህቴ ምርመራ ቤት እያለች እኔ በግምት አልረጭም" ብሎ አፈሩን በከረጢት ሞልቶ ላከላት።

ውጤቱ ሲወጣ የእርሻ ባለሙያው ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ዚንክማ ሞልቷል፤ የናንተ ችግር መዳብ ነው፣ አፈሩ ተመርዟል" አለ። መዳቡ ከየት መጣ? አባታቸው በሕይወት ሳለ ለፈንገስ እያለ በየዓመቱ ይረጨው ከነበረው ሰማያዊ መድኃኒት። መድኃኒቱ መዳብ አለበት፣ ይህ እውነት ነው። "አባታችሁ ሳያውቅ ሲመርዘው ኖሯል። ንቀሉና ሌላ ነገር ዝሩበት" ብሎ ወረቀቱን መልሶ ሄደ። ሰው የሞተ ሰው ላይ ሲፈርድ እንዴት ይፈጥናል!

እንግዲህ መድኃኒቱን አባትየው ይርጨው እንጂ የምትበጠብጠው እናትየው ነበረች። በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በረዥም እንጨት፣ ክንዷ ሰማያዊ እስኪሆን ታማስለው ነበር። ያ ወረቀት ቤት ከገባ ወዲህ አሮጊቷ ማሳው ውስጥ እግሯን አላሳረፈችም። ምግብ ሲቀርብላት "ለኔ ይሄ ምን ያደርግልኛል" ትላለች አሉ።

ጠብታ ገና ከማሽኑ ፊት እንደቆመች ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

"እ? ምን ወጣ?" አለ፣ እንደምን ዋልሽም ሳይል።

"ያው ነው ጋሼ።"

"ያው ማለት?"

"መዳቡ ከፍተኛ ነው። እንዲያውም ከበፊቱም ጨምሯል።"

ወንድሟ ትንፋሹን ሲያወጣ ተሰማት። "በቃ እንግዲህ" አለ። "ሦስት ጊዜ ለካሽው። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል።"

"ትንሽ ጠብቀኝ።"

"ምኑን ነው የምጠብቀው? ማሽኑ አይዋሽም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?"

"ማሽኑማ አይዋሽም።"

"ታዲያስ!"

 "እስከ ቅዳሜ ብቻ ምንም እንዳታደርግ" አለች።

"ትራክተሩ የተባለው ለቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አትለምኚኝ። እኔስ እሺ፤ እማዬን በየቀኑ እንደዚያ ሆና ማየት አቅቶኛል። ይነቀልና ይውጣልን።"

ስልኩን ዘጋ። ጠብታ በወንድሟም፣ በማሽኑም፣ በራሷም ተናደደች። ያላደረገችው ነገር አልነበረም። አሲዱን ቀይራለች። ብልቃጦቹን አጥባ፣ አለቅልቃ፣ እንደገና አጥባለች። ማጣሪያ ወረቀቱን ከአዲስ እሽግ አውጥታለች። የማሽኑን መብራት ለውጣለች። ሁሉም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት።

ከሁሉ የሚያበግነው ደግሞ ማመሳከሪያው አፈር ነው። ይህ ማመሳከሪያ ከሩቅ ተገዝቶ የሚመጣ፣ በጠርሙስ የታሸገ፣ ምን ያህል ዚንክና ምን ያህል መዳብ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ አፈር ነው። በየዙሩ ከሌላው ጋር አብሮ ይለካል። እሱ ልክ ከመጣ ሥራው ሁሉ ልክ ነው ተብሎ ይፈረማል። ሁልጊዜም ልክ ይመጣል፣ ፍንክች የለም። ጠብታ ጠርሙሱን በእጇ ይዛ "አንዴ እንኳ ብትሳሳትልኝ ምን አለበት?" አለችው። ሰው እንደሚለምን ነበር የለመነችው።

ጠርሙሱን ስታስቀምጥ ነው አንድ ነገር የቆረቆራት። መዳቡ ጨምሯል ብላ ለወንድሟ ነግራዋለች። ግን ለምን ይጨምራል? አፈሩ የአንድ ከረጢት አፈር ነው፤ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ መዳብ አይወልድም። ካለፈው ዙር እስከዚህኛው የተለወጠው ምንድን ነው? ብልቃጥ በብልቃጥ፣ ደቂቃ በደቂቃ ወደ ኋላ ሄደችበት። የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከአንዱ በቀር፤ ባለፈው የመጣላት አፈር ሻከር ስላለባት "በደንብ ይድቀቅ" ብላ ወደ ማዘጋጃው ክፍል መልሳው ነበር።

ማዘጋጃው ክፍል ከግቢው ማዶ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ነው። የምርመራው ሰዎች "ላቦራቶሪ" ሲሉ ያንን ክፍል አይጨምሩም። ነጭ ጋውን እዚያ ድርሽ አይልም፣ ይቆሽሻላ! ለነሱ ሥራ የሚባለው አፈሩ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ በትንሽ ፖስታ ሆኖ ሚዛኑ አጠገብ ሲቀመጥ ይጀምራል። ከሚዛኑ በፊት ያለው አቧራ ነው። ጠብታም ብትሆን እዚያ ክፍል መጨረሻ የገባችው መቼ እንደሆነ ትዝ አላላትም። ግቢውን በሩጫ አቋርጣ በሩን ከፈተችው።

የክፍሉ ሰው ሙቀጫ ይባላል። ሰፊ ደረት ያለው፣ ጡረታ የደረሰ፣ ዕድሜ ልኩን አፈር ሲወቅጥ የኖረ ሰው ነው፤ ቅር የሚለው ቶሎ ነው፣ የሚታረቀውም ቶሎ።

"ጋሽ ሙቀጫ፣ የወንድሜን አፈር ምን አደረጉት?"

"እንዴት ምን አደረጉት? ሻካራ ነው ብለሽ መለስሽው፤ አላምኩት። ዱቄት አስመሰልኩት። እሱም ጥፋት ሆነ?"

"አልተቆጣሁም። እንዴት እንዳላሙት ብቻ ያሳዩኝ።"

"አልተቆጣሁም የሚለው የተቆጣ ሰው ነው" አለና ሙቀጫ ፊቱን አኮሳትሮ ወንፊቱን አነሣ። ያልተዘጋጀ አፈር ዘገነበት። ነቀነቀ። አላልፍ ያለውን ጓል በዘነዘናው ጫፍ እየደፈጠጠ፣ እየፈተገ አሳለፈው። ፈተጋው ሽር ሽር ይላል። "እንግዲህ ይሄን ነው ደጋግሜ ያደረግኩልሽ" አለ።

ጠብታ ወንፊቱን ከእጁ ተቀበለችና ወደ መስኮቱ አነሣችው። ቢጫ ነው፣ ወርቅ ይመስላል። ዳር ዳሩ ወፍራም፣ መሐሉ ግን ሳስቷል፤ ቀዳዳዎቹም ሰፍተዋል።

"መቼ ነው የተገዛው?"

"አምና። ኃላፊው ራሱ አምጥቶ ነው በእጄ የሰጠኝ። የድሮው ናይለን ተቀዶ መከራዬን ሲያሳየኝ ነበር። ይሄ ግን ወንፊት ነው! በየጠዋቱ በጨርቅ እወለውለዋለሁ።"

ናስ ነው። ናስ ማለት መዳብና ዚንክ አብረው የቀለጡበት ብረት እንደሆነ ጠብታ ገና በተማሪነቷ የተፈተነችበት ነገር ነው። የሳሳውን መሐል በጣቷ ነካችው። እዚህ የነበረው ናስ የት ሄደ?  አፈሩ ውስጥ ነው የሄደው። በሙቀጫ ክንድ እየተፈተገ፣ ለዓይን በማይታይ ብናኝ፣ በየፖስታው ውስጥ። ባላመ ቁጥር ይጨምራል። የሚለካው ነገር ከብናኝ ያነሰ ሲሆን ብናኝ ትልቅ ነገር ነው።

"ቆሽሿል ልትዪኝ ነው አይደል?" አለ ሙቀጫ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። "ከኔ ክፍል ቆሻሻ ወጥቶ አያውቅም!"

"አልቆሸሸም ጋሽ ሙቀጫ። ጥፋቱ የርስዎም አይደለም። ናይለኑን ጥለውታል?"

አልጣለውም ነበር። ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ አወጣው። ጠብታ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቀዳዳውን በመርፌና በክር ጠቀመችው።

እዚህ ላይ ስልኳን አንሥታ መደወል ነበረባት። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ፣ ትራክተሩን ተወው" ማለት ምን ይከብዳል? ለማንኛውም ሰው አይከብድም። ለጠብታ ግን ያልተለካ ነገር ከአፍ አይወጣም። ሦስት ጊዜ ተስፋ ሰጥታ ሦስት ጊዜ ያፈረችበት ወንድሟ ላይ አራተኛ ተስፋ በግምት አትጥልም። ቅዳሜ ሩቅ ነው አለች። ነገ አረጋግጬ እደውላለሁ አለች።

በማግስቱ ሐሙስ በጠዋት ገባች። በአሲድ የታጠበ፣ ምንም የሌለበት ነጭ አሸዋ ወሰደችና ግማሹን በናሱ ወንፊት እየፈተገች፣ ግማሹን በናይለኑ አሳለፈችው። ከወንድሟ ከረጢት የተረፈውንም፣ ገና ማንም ያልነካውን፣ በእንጨት ደቁሳ በናይለኑ ነፋችው። ከዚያ እንደ ወጉ በጠበጠች፣ አጣራች፣ ለካች።

በናይለን ያለፈው አሸዋ ባዶ ነው። በናስ ያለፈው አሸዋ ግን መዳብ አወጣ፤ ዚንክ አወጣ። አሸዋ! የወንድሟ አፈር ደግሞ እውነተኛ መልኩን አሳየ። መዳቡ ለዘመናት ለተረጨበት ማሳ የሚጠበቅ፣ ማንንም የማይገድል ነው። ዚንኩ ከሞላ ጎደል የለም። ዛፎቹ የታመሙት ወንድሟ መጀመሪያ ባለው በሽታ ነው።

ማመሳከሪያው ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ ልክ እንደሆነ ተቀምጧል። ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ በሙቀጫ ወንፊት አንድ ቀን አላለፈም። ታዲያ በምን ይሳሳት? እሱ የሚያውቀው ከሚዛኑ ወዲህ ያለውን ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ስለ መንገዱ ሁሉ ምስክር አድርጋ ቆጠረችው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ሳትሰማ አላደገችም። አንሥታ ልትሰብረው ቃጣት።

ለወንድሟ በደረቅ ወሬ ሳይሆን ወረቀቱ ተሽሮ፣ በማኅተም እንዲደርሰው ፈለገች። ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች። ኃላፊው የወንፊቱን ወሬ ሰምቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ያለው ነገር "እኔ ነኝ የገዛሁት" የሚል ነበር።

"ማን ገዛው አላልኩም። የወንድሜ ውጤት ይሻርልኝ፣ የሌላውንም ሰው ወረቀት መልሰን እንሰብስብ።"

"ከአምና ጀምሮ የወጣውን ሁሉ?"

"በዚያ ወንፊት ያለፈውን ሁሉ።"

"ስሚ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ይጠናል። ወንፊቱንም እንቀይራለን። እስከዚያ ዝም ነው፤ ዝም አይነቅዝም።"

"ዛፉ እኮ ይነቀላል ነው የምልዎት!"

"የወንድምሽ ጉዳይ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያንገበግብሽ።"

እውነቱን ነው፣ ጠብታም ታውቀዋለች። የሌላ ሰው አፈር ቢሆን አንዴ ለክታ፣ ጠርሙሱን አምና፣ ፈርማ በላከችው ነበር። ስንቱን እንደዚያ አድርጋ ልካለች። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" እያለች ደረጃውን ወረደች። ይህን ያለችው ለኃላፊው ነበር፤ መሐል ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን ለራሷም እንደሚሆን ተሰማት።

ደወለች። ወንድሟ አያነሣም። ደግማ ደወለች። ሦስተኛው ላይ የወንድሟ ሚስት አነሣች።

"ጋሼ የታለ?"

"ማሳ ነው። በትራክተሩ ጩኸት አይሰማም እኮ።"

"የምን ትራክተር? ቅዳሜ አልነበር እንዴ?"

"ሾፌሩ ቅዳሜ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ዛሬ በማለዳ መጣ።"

"ሩጪ አስቁሚው! መዳብ የለም በዪው! ዚንክ ነው በዪው!"

"አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ መዳብ ነው ያልሽው?"

"ሩጪ እባክሽ!"

የተሳፈረችበት ታክሲ የቆመለትን ሁሉ እየጫነ፣ ያልቆመለትንም እየጠራ ሄደ። ጠብታ ከነጋውኗ ነበረች። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ "ዶክተር ነሽ እናቴ? ይሄን ጉልበቴን..." ብለው ጀመሩ። ማልቀስም መጮህም ስለቃጣት መስኮቱን ብቻ አየች።

ስትደርስ የሞተር ድምፅ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች፣ አባቷ በእጁ የተከላቸው አሮጌዎቹ፣ ሥራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተጋድመዋል። በየጉድጓዱ አፍ የተገለበጠው አፈር ገና እርጥብ ነው። ከማሳው ግማሹ እንኳ አልተረፈም። ወንድሟ በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጦ፣ ሾፌሩ ከትራክተሩ ጎን ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

"ሚስቴ እየሮጠች መጥታ መዳብ የለም አለችኝ" አለ ወንድሟ፣ ቀና ሳይል። "የቱ መዳብ? ያ የፈረምሽበት?"

ነገረችው። ወንፊቱን፣ አሸዋውን፣ ጠርሙሱን። በጥሞና ሰማት።

"ወንፊት" አለ መጨረሻ ላይ። "ወንፊት ነው?" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።"

"የቀሩት ይድናሉ ጋሼ። ዚንኩን በጥብጠን..."

"መጀመሪያ ዚንክ ነው ብዬ ነበር።"

"ብለህ ነበር።"

"ጎረቤቴ በግምት ረጨ፤ ይኸው ዛፉ ቆሟል። እኔ አንቺ ስላለሽኝ ነው ያልረጨሁት።" ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ዛሬ ጠዋት።" ከዚያ ውሸት መሰላት። "ትናንት ጠርጥሬ ነበር።"

"ትናንት?"

"እርግጠኛ አልነበርኩም።"

ወንድሟ አሁን ቀና ብሎ አያት፤ ብዙ አያት። ቢሰድባት በወደደች። "ሂጂ ለእማዬ ንገሪያት" አለ። "ተመርዟል ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አልተመረዘም ነበር የሚለውን ግን እኔ አልናገርም። ወረቀቱ ያንቺ ነው።"

እናቷ ጓዳ ውስጥ፣ በሩን ዘግታ ተቀምጣለች። የትራክተሩን ድምፅ ላለመስማት ራሷን በነጠላዋ ጠቅልላዋለች። ጠብታ ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ፣ አፈሩ አልተመረዘም። ስህተቱ ከኛ ነው፣ ከምርመራ ቤቱ። መዳቡ የናንተ መዳብ አይደለም።"

አሮጊቷ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። "እኔ አይደለሁም?"

"አይደለሽም።"

"አባትሽስ?"

"አባዬም አይደለም። አፈሩ ጤነኛ ነው።"

እናቷ "ተመስገን" አለች፣ ደጋግማ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፊቷም ሲፈታ ታየ። ጠብታ ለአፍታ መተንፈስ ቻለች። ከዚያ አሮጊቷ አንድ ነገር እንዳሰበ ሰው ቀና አለች።

"ታዲያ እነዚያ ለምንድን ነው የተነቀሉት?"

ጠብታ መልስ ሞልቷት ነበር። ወንፊቱ ነው ማለት ትችል ነበር። ኃላፊው ነው፣ ሾፌሩ ነው፣ ማመሳከሪያው ነው ማለት ትችል ነበር፤ ሁሉም ከፊል እውነት ነው።

"እኔ ስለፈረምኩ ነው እማዬ።"

እናቷ እጇን ወደ ጠብታ ራስ ሰደደችና መሐል መንገድ ላይ መለሰችው።

"አፈር የሚልክልሽ ወንድምሽ ብቻ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"አይደለም።"

"ሌሎቹም በዚያው ወንፊት ናቸው?"

"አዎ፣ ሁሉም።"

"ታዲያ እዚህ እግሬ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?" አለቻት እናቷ፤ በሩንም ከፈተችላት።